ከዓሣዋ ቀጥሎ

ጁላይ 30፣ አቴንስ

ልብስ ተኮስኩ። ሻንጣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ እንደገና ዘጋሁ። ለልጄ ለመልፖ የገዛሁላትን የባሕር ጫማ አልጋው ላይ ወርውራው አገኘሁት።

"አክስቴ ፕላስቲክ አታምጡ ብላለች።"

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ አፏ ላይ ያለው አክስቴ፣ አክስቴ...

ስታቲስ ሳቀ። "እህትሽን ሃይማኖት አደረገቻት እኮ!" ባሌ ሲስቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ አላለኝም። ለምን?

ኦገስት 1

መርከብ፣ አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። መኪና እስከ ቤቱ አይደርስም። እህቴ ፎቲኒ መንገዱ እንዳይጠረግ ተከራክራ አሸንፋለች።

እማዬ ከሞተች በኋላ የልጅነት ቤታችንን የእንግዳ ማረፊያ አደረገችው። መብራት ከፀሐይ፣ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከሚጠራቀም ዝናብ። ሰው ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ቲማቲም ይለቅማል፣ ባሕር ይወርዳል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

"እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ!" አለችን በሩ ላይ። ወደ ቤታችሁ... ከኋላችን ለደረሱት ለተሰሎንቄዎቹ ባልና ሚስትም ያንኑ አለች። ያንኑ የደንብ ወረቀትም ለሁላችን አደለች። የታጠባችሁበት ውሃ ለቲማቲሙ። ሳሙና የቤቱን ብቻ። ጉድጓዱ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመር። "ምንም" የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ያደግኩበት ጉድጓድ ነው። ለእኔም ደንብ?

በእኛ በግሪኮች ጾመ ፍልሰታ ዛሬ ገባ፤ እስከ በዓሉ፣ እስከ 15።

ኦገስት 3

ዛሬ ረፋድ ላይ ፎቲኒ መስታወት ይዛ መጣች። የፀሐዩን ጨረር መልሳ ወደ ጉድጓዱ ላከችው። "መልፖዬ፣ ጎንበስ በይ... ጥላሽ እንዳያርፍባት። ያቻት!"

እባብ የመሰለች፣ ክንድ የምታህል ጥቁር ዓሣ። ዘኖቢያ ትባላለች። ትሉን፣ የትንኝ እጩን እየበላች ውሃውን ታጠራለች። ድሮ እዚህ ደሴት ላይ ዓሣ የሌለው ጉድጓድ አልነበረም። ይቺን ያስገባቻት እማዬ ናት።

"መቼ?" አልኩ። እኔ አላውቃትም።

"አንቺ አቴንስ የሄድሽ ዓመት።"

ድምጿ ውስጥ ክፋት የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

መልፖ መስታወቱን ለመነች። ፎቲኒ ከኋላዋ ቆማ እጇን በእጇ ይዛ አሳየቻት። ስታቲስ ፎቶ አነሳቸው። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ፎቶው ላይ ከእኔ ባልዲው ብቻ ወጥቷል።

ኦገስት 4

መልፖ ማፏጨት ቻለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ላስተምራት ሞክሬ ያቃተኝን... በአንድ ከሰዓት።

ኦገስት 7

በፍልሰታ በየቀኑ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ምልጃ አለ። የሕያዋን ስም በወረቀት ተጽፎ ለቄሱ ይሰጣል፤ እሳቸው አንድ በአንድ ያነባሉ። የኛን ቤት መልፖ ናት የጻፈችው።

"ፎቲኒ... ስታቲስ... ዘኖቢያ... አርጊሮ..."

ቄሱ ዘኖቢያ ማን እንደሆነች የት ያውቃሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጤናና ረጅም ዕድሜ ለመኑላት። አክስትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሳቃቸውን አፈኑ።

አርጊሮ እኔ ነኝ። አራተኛ። ከዓሣዋ ቀጥሎ።

"ኧረ ተይ፣ የልጅ ነገር ነው" አለኝ ስታቲስ በመንገድ።

"አንተ ምን አለብህ፣ ሁለተኛ ነህ።"

መልሶ ሳቀ። እየቀለድኩ መሰለው።

ኦገስት 9

መልፖን ሆዷን ቆረጣት። "ውሃው ነው" አልኩ።

"በለሱ ነው" አለች ፎቲኒ። "አሥራ አንድ በልታለች፣ ቆጥሬያለሁ።"

ልጄ የበላችውን እሷ ትቆጥርልኛለች!

ምሳ ላይ በእንግዶቹ ፊት ደግሞ፦ "እህቴ እኮ የተጠመቀችው በዚህ ጉድጓድ ውሃ ነው። ሃያ ዓመት አቴንስ ብትቀመጥ ሆዷ ዜግነት ቀየረ!" ተሰሎንቄዎቹ ሳቁ። ስታቲስም። መልፖ ሆዷን ይዛ... እሷም።

ኦገስት 10

ወደብ ወረድኩ። ዳቦ፣ ክብሪት፣ በረኪና። ስመለስ ሁሉም ባሕር ሄደዋል።

ጥቂት ነው የጨመርኩት። የከተማ ውሃ ይታከም የለ? ለልጄ ሆድ ብዬ ነው። እናት ነኝ።

ጠርሙሱን ለምን ከአጥሩ ድንጋይ ሥር ደበቅኩት?

ኦገስት 11

ጠዋት መስታወቱን ይዛ የሄደችው መልፖ ናት። ጩኸቷን ከቲማቲሙ መሃል ሆኜ ሰማሁ።

ዘኖቢያ በጀርባዋ ተንሳፍፋለች። ሆዷ እንዲህ ነጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ፎቲኒ አንድ ባልዲ ስባ አወጣች። አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ መልፖ ፊት ተንበረከከች። "የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ቆንጆ። ባልዲውን በበረኪና አጥቤ ሳላለቀልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩት።"

መልፖ እያለቀሰች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "አይዞሽ አክስቴ። ሆን ብለሽ አይደለም እኮ።"

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ። ይቅርታውንም እሷ አገኘችው።

ኦገስት 12

ጉድጓዱን ባዶ እያደረግን ነው። ዝናብ ሁለት ወር ሲቀረው። እንግዶቹ ሄዱ። ውሃ በቦቴ ታዘዘ፣ መኪናው ከሚቆምበት በረጅም ቱቦ ሊሳብ፤ ፎቲኒ ቦቴ ስታዝዝ ፊቷን አዞረች።

እኔ መሰላል ወርጄ ከታች እሞላለሁ፣ እሷ ከላይ ትስባለች።

"አክስቴ፣ ዘኖቢያን የሙታን ወረቀት ላይ ላዙራት?" አለች መልፖ።

"አዙሪያት።"

እንግዲህ ሦስተኛ ሆንኩ። ይህን ማሰቤ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኦገስት 13

ለመልፖ ነገርኳት። በለሱ ሥር አስቀምጬ።

"እኔ ነኝ። ለሆድሽ ብዬ ነው። እንደምትሞት አላወቅኩም።"

ተነስታ ፎቲኒ ጋ ሄደች። "አንቺም ዋሸሽኝ" አለቻት። ከዚያ ወደ አባቷ።

ፎቲኒ ገመዱን ለቀቀችው። "ምን አስቸኮለሽ? ጥፋቱን እኔ ይዤልሽ ነበር እኮ!"

"እንድትይዥልኝ አልፈለግኩማ።"

"ሁልጊዜ እንዲሁ ነሽ። ሰው ሲሰጥሽ..."

"ሰጠሽኝ? ወሰድሽብኝ እንጂ!"

የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። መዳፎቿ በገመድ ተልጠዋል። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ፦ "ልጅሽ አይዞሽ ስትለኝ... ጣፈጠኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደጋግማ እንድትለኝ ፊቴን አጠቁር ነበር።"

አየኋት። ለአንድ ደቂቃ ያህል አልቀናሁባትም። እኔን መሰለችኝ።

ኦገስት 15

የፍልሰታ በዓል። ዓሣ፣ ሥጋ፣ ዳንስ። መልፖ ከአባቷ እጅ አልተላቀቀችም። ፎቲኒና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ፣ መሃላችን ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ።

ኦገስት 16፣ መርከብ ላይ

ስታቲስ ተኝቷል። መልፖ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ሊመጣ የነበረው ጥያቄ መሆኑን ገባኝ።

"እማ። ወረቀቱን አላነበብሽውም ነበር? ምንም አይጨመር የሚለውን?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ አላወቅኩም ያልሽኝ..."

እዚህ ደብተር ላይ "ጥቂት ነው" ብዬ ጽፌያለሁ። "ለልጄ ሆድ"። ከእኔ በቀር ማን ያነበዋል? ማንን ነው የዋሸሁት? ጠርሙሱን ሙሉ ነበር የጨመርኩት። ሆዷም በረኪናውን ከመጨመሬ በፊት ከነበረው ማታ ጀምሮ ደህና ነበር።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

"ለምን?"

"አብራችሁ ስትስቁ ቀናሁ።"

"በዘኖቢያ?"

"በአክስትሽ።"

አላለቀሰችም። እግሯን እያወዛወዘች ባሕሩን አየች። "ለሷም እንደዚህ ብለሽ ንገሪያት።"

"ቤት ስንገባ..."

"አሁን።"

ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣች። ራሷ ደወለች። በሁለት እጇ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። ሦስቴ ጠራ።

"አቤት?" አለች ፎቲኒ።

መልፖ እጇን አላነሳችም።