የሰፈሩን ሙታን ታሪክ ሲጽፉ የኖሩት ወንድሜ

ወንድሜ ከአባታችን ከግንበኛውና ከእናታችን ከልብስ አጣቢዋ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ቀን አትመኑ፤ ለሥራ ሲመዘገቡ ከጓደኛቸው መታወቂያ የገለበጡት ነው። እኔ ታላቅ እህታቸው ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሙቅ ውሃውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይህን ከአፌ እየተቀበለች የምትጽፈው ትልቋ ልጃቸው ናት። አንድም ቃል እንዳታሳምሪ ብያታለሁ፤ ፊደል ባልቆጥርም ጆሮ አለኝ።

ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መቀመጥ አያውቁም። እናታችን "ይህ ልጅ ወንበሩ ሁሉ እሳት ይመስለዋል" ትል ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1964 ዓ.ም. ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ይዘው ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። በ1971 ዓ.ም. መድኃኒት ቤት ይሠሩ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ሰው የሞተበት ሁሉ የሕይወት ታሪክ ለማስጻፍ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ወንድሜ ለዚህ አንድ ወረቀት ነበራቸው፤ "ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ" የሚል። እሱንም እርሳቸው አልፈጠሩትም፤ ከእርሳቸው በፊት እዚያው አጥር ሥር ይጽፉ ከነበሩ ሽማግሌ የቀዱት ነው። ስም፣ ዓመትና የሥራውን አንቀጽ መቀየር ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰፈር ክፉ ሰው አልሞተም።

በ1984 ዓ.ም. ልብስ ሰፊው ሞቱ። ወንድሜ በችኮላ፣ ባለፈው ሳምንት ከተቀበሩት ዳቦ ጋጋሪ ወረቀት ሲገለብጡ አንድ አንቀጽ ሳያወጡ ቀሩ። በቀብሩም ላይ፣ ልብስ ሰፊው ጎሕ ሳይቀድ ምድጃ እያቀጣጠሉ ሰፈሩን ትኩስ ዳቦ ሲያበሉ እንደኖሩ ተነበበ። ማን ሳቀ? ማንም። ማን ጠየቀ? ማንም። ሕዝቡ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የሟች ሚስትም "እጅህ ይባረክ፣ አሳምረህ ሸኘህልኝ" አሏቸው።

ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ወረቀቱን ቀደዱት። ከዚያ ወዲያ ሐዘን ቤት እየገቡ ይጠይቁ ጀመር፤ ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር? ጫማውን የት ያወልቅ ነበር? ከማን ተኳርፎ ሞተ? ስለ አናጢውም "ከወንድማቸው ጋር በአንድ በር ምክንያት ዐሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው፣ በመጨረሻ ቀናቸው ግን ጥሩልኝ አሉ" ብለው ጻፉ። ቤተሰቡ ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ወረወረው። "ጸሐፊ ነህ ወይስ መርማሪ?" ተባሉ። ሰው ጥሏቸው ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄደ። ያ ሌላው የሚገለብጠው ምን መሰላችሁ? ከሐዘንተኞች እጅ ያገኘውን የወንድሜን አሮጌ ወረቀት።

እኔም አልማርኳቸውም። በ1996 ዓ.ም. ባለቤቴ ሲያርፉ ጽፈው አመጡልኝ። ባለቤቴ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ሬዲዮኑን እንደሚሳደቡ፣ እኔ ስታመም ግን ከአልጋዬ ሥር መሬት ላይ እንደሚተኙ የሚል ነው። እውነት ነው። ቢሆንም "አንተ ልጅ፣ የጎረቤቴ ባል ሩኅሩኅ ተብሎ ተቀብሮ የእኔው ከሬዲዮ ጋር ሲሳደብ ይነበብ? በምን አንሶ ነው?" አልኳቸው።

"እትዬ፣ ሩኅሩኁ የሁሉም ሰው ባል ነው። ይሄኛው ግን ያንቺ ነው" አሉኝ።

"የሁሉንም ስጠኝ!"

ጻፉልኝ። አለቀስኩ፤ ኮራሁም። ዛሬ ግን ያንን ወረቀት ባስነብብ ባስነብብ ባለቤቴን አላገኛቸውም።

ወንድሜ አምና ጉበታቸውን ታመሙ። ሆስፒታል ተኝተው እንኳ አላረፉም፤ የጎናቸውን በሽተኛ ስለ ኑሮው ሲጠይቁ ነርሷ ትቆጣቸው ነበር። መሄዳቸውን ሲያውቁት "እትዬ፣ የእኔን አንቺ ተናገሪ፤ የማንንም ወረቀት እንዳታስገለብጪ" አሉኝ። ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት የሰፈር ሽማግሌዎች ያንኑ አሮጌ ወረቀት ይዘው መጡ። "እማማ፣ ሕዝቡ የለመደውን ይስማ፤ አያሳፍሩን" አሉኝ። ወረቀታቸውን አስይዤ መለስኳቸው። እንግዲህ ስሙ። ወንድሜ ሩኅሩኅ አልነበሩም። ሲበሉ ይቸኩላሉ፤ የሰው ወሬ ያቋርጣሉ። እናታችን ስታጣጥር እርሳቸው የማያውቁት ሰው ሐዘን ቤት ተቀምጠው ስለ ሟች ጠባይ ይጠይቁ ነበር፤ አልደረሱላትም። ይህን አትበይ ተብዬ ነበር፤ ብያለሁ። ዓመታት ሙሉ ይዤባቸው ኖሬ፣ ይቅር ያልኳቸው አሁን ጮክ ብዬ ስናገረው ነው።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ምላሰኛ እህት ትተዋል። ይህ አላስለቅስ ያለው ካለ እንባውን ለራሱ ሟች ያቆይ። ፈጣሪ ግን የወንድሜን ነፍስ ከብዙው መሃል ለይቶ ይወቅልን። አሜን።