ከሸቤ ኬላ ያላለፉት የጤና መኮንን፣ የአቶ ላቀው ኤርሲዶ የሕይወት ታሪክ

አቶ ላቀው ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ላፌቦ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተስፋነሽ አኑሎ በ1939 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ በምትገኝ አንዲት የሐዲያ መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህን የማነብላችሁ እኔ ታናሽ እህታቸው ልያ ነኝ። አባታችን ቡና ለቀማ ፍለጋ ወደ አጋሮ ሲመጡ ላቀውን ይዘዋቸው መጡ፤ እናታችን ደግሞ እንሰቱንና እኛን ታናናሾቹን ይዘው እዚያው ቀሩ። የሐዲያ ሰው የትም ይክረም የት ለመስቀል ቤቱ ይገባል። ላቀውም ተማሪ ሆነው፣ ሠራተኛ ሆነው፣ ባለትዳር ሆነው በየዓመቱ ለመስቀል እናታቸው ደጅ ሳይደርሱ ቀርተው አያውቁም ነበር። እናታችንም የወንድሜን ድምፅ ሳይሰሙ የመስቀሉን ቅቤ አይነኩም ነበር።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአጋሮ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጅማ ከተማሩ በኋላ ጎንደር ጤና ኮሌጅ ገብተው በ1961 ዓ.ም. በጤና መኮንንነት ተመረቁ። በሊሙ ሠርተው በ1965 ዓ.ም. ወደ ጅማ ተዛወሩ። በ1966 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ለይኩን ጋር በጸሎት ቤታችን ተጋብተው አልዓዛርን እና ብርሃንነሽን ወልደዋል።

ወንድማችን ሰው መለካት ይወዱ ነበር። እንግዳ ቤታቸው ሲገባ ገና ሰላምታው ሳያልቅ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ያስራሉ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ «እስቲ መጀመሪያ ሰውየው ይቀመጥ!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው የእርጅና ነገር ነው። አንዱ ቡና ለቃሚ ገና ጎልማሳ ሳለ ይጎብጣል፣ ሌላው ፀጉሩ ሸብቶ ቅርጫት ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ለምን? መልሱ በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ሰፈር፣ በሚሄድበት መንገድ፣ በሚቀዳው ውሃ ላይ አለ ይሉ ነበር። ይህን ለማጥናት ውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል አግኝተው ነበር፤ መውጫ ፈቃድ ተከለከሉ።

በ1972 ዓ.ም. ለጅማ አዲስ ማስተር ፕላን ሲወጣ፣ በአወቱ መንደራ ሰፈር የአወቱን ወንዝ ተጠግቶ የሚኖረው ሕዝብ ተነስቶ ከኪቶ ፉርዲሳ በላይ ባለው ዳገት ላይ በአዲስ ሰፈር እንዲገባ ታሰበ። መመሪያው ግን ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ዳገቱንና የገበያውን ርቀት መቻላቸው በጤና ጥናት ሳይረጋገጥ ሰው አይነሳም ይላል። ጥናቱ ለአቶ ላቀው ተሰጠ። ደስታቸውን ያየ ሰው ሚኒስትር የተሾሙ ይመስለው ነበር። የሰፈሩን አዛውንቶች ቀበሌ አዳራሽ ሰብስበው የደም ግፊታቸውን፣ የእጃቸውን ጭብጥ ኃይል፣ ዓይናቸውን፣ ከወንበር እንዴት እንደሚነሱና እንዴት እንደሚራመዱ ለኩ። ዕድሜያቸውን ከቀበሌው መዝገብ ወሰዱ። የቀበሌው ሊቀመንበርም አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

ውጤቱ ጉድ አሰኘ። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው የአወቱ መንደራ ሰዎች የጎልማሳ ጉልበት ነበራቸው። ላቀው እውነት መሰላቸው፤ በእግር ወደ መስጊድና ወደ ገበያ መመላለሳቸው ነው ያበረታቸው ብለው ጻፉ። የፕላን ኮሚቴውም አንብቦ፣ እንግዲያው ዳገቱ ምንም አያደርጋቸውም፣ ይነሱ ብሎ ወሰነ።

እዚህ ላይ የምትሰሙኝ በደንብ ስሙኝ። ይህን የማነበው ከመሃላችሁ በተቀመጡት በአቶ አባቦራ ሙሐመድሳኒ ፈቃድ ነው። ወንድሜ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬም አይናገሩትም ነበር።

አቶ አባቦራ በአወቱ መንደራ ልብስ ሰፊ ናቸው። ውሳኔው በተሰማ ሰሞን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ላቀው ቤት መጡ። «ኦቦ ላቀው፣ ማሎ፣ እባክዎ ይስሙኝ» አሉ። «እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ወላሂ፣ ከእርስዎ ብበልጥ በጥቂት ነው።» ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዚያ ዘመን ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከቀበሌ ጥበቃና ከዘመቻ ሥራ ነፃ ነው። የልደት ወረቀት ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌ ሲመዘገብ ዕድሜውን ሽቅብ ሰቅሎታል። ደህና ጎልማሳ ሁሉ ጢሙን አሳድጎ፣ ከዘራ ይዞ፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ ሽማግሌ ሆኗል። ሊቀመንበሩ እያየ ደግሞ ማን እውነቱን ይናገር? አሁን ማን ይሙት፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

«የእውነት አሮጊት እናቴ ዙቤይዳ ናት» አሉ አባቦራ። «የእሷና የመሰሎቿ ድካም በእኛ ጉልበት ውስጥ ተውጦ ቀረ። እሷ ያንን ዳገት አንዴ ከወጣች የምትወርደው በቃሬዛ ነው።»

ላቀው «እንግዲያው ትክክለኛውን ዕድሜ ልጻፍ?» አሉ።

«ከጻፉማ አለቀልን። ከአብዮታዊ ግዴታ የሸሹ ብለው ሁላችንንም ይሰበስቡናል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያደረጉት እስከ ዛሬ አልተፈቱም።»

ወንድሜ ግራ ቀኙ ጠፋባቸው። ዝም ቢሉ እነ ወይዘሮ ዙቤይዳ ዳገት ላይ ይጣላሉ። ቢናገሩ የሰፈሩ ወንድ በሙሉ ይታሰራል። ኮሚቴው ዘንድ ሄደው ደካሞቹ ለብቻቸው ይታዩ ብለው ለመኑ፤ ጥቂት ደካማ የትም አይጠፋም ተባሉ። እንደገና ልለካ አሉ፤ ጥናቱ አዲስ አበባ ደርሷል ተባሉ። ሥራውን ልልቀቅ አሉ፤ ማን ይለቅቃቸዋል! ወይዘሮ ጥሩአየሁ እንደሚሉት በዚያ ሰሞን በራሳቸው ክንድ ላይ መለኪያውን አስረው ቁጥሩን አይተው መልሰው ይፈቱት ነበር። ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም፤ ብትጠየቅ እንዳትዋሽ ብለው ነው።

በኅዳር 1973 ዓ.ም. በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ተነሱ። «መለኪያዎቹ የተበላሹ ነበሩ። እያወቅሁ ለካሁባቸው፤ ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ ብዬ ነው። ጥናቱ ዋጋ የለውም» አሉ። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም። በመመሪያው መሠረት ጥናቱ ወደቀ፤ ያለ ጥናት ደግሞ ሰው አይነሳምና የአወቱ መንደራ ሕዝብ በየቤቱ ቀረ። ሌላ ባለሙያ ይላካል ተብሎ ነበር፤ አልተላከም።

ላቀው ፕላን በማሰናከል ተከሰው ታሰሩ። ሲፈቱ ከጤና መኮንንነታቸው ተሽረው ሸቤ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ሆነው ተመደቡ፤ ያለ ፈቃድ ከሸቤ እንዳይወጡም ታዘዙ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ልጆቻቸውን ይዘው ተከተሏቸው። የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሰባራው መለኪያ» የሚል ስም አወጡላቸው። ወንድሜ ይህን በጆሯቸው ሰምተዋል። በጎንደር ከክፍላቸው የተሸለሙ ሰው፣ ሰው አስታሞ የሚያውቅ ባለሙያ፣ እንደ ግድየለሽ ተቆጥረው ኖሩ። አንጀቴ ይቃጠላል፤ ዛሬም ይቃጠላል።

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ለመስቀል እናታቸውን ለማየት ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። በየዓመቱ ይከለከላሉ። አባታችን በ1977 ዓ.ም. አጋሮ ላይ ሲያርፉ እንኳ አልተፈቀደላቸውም። አባቱን ለመቅበር! የዚያን ቀን ከሸቤ መውጫ ላይ እስካለው ኬላ ድረስ ሄደው ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆሙ፤ ጠባቂዎቹ ያውቋቸዋል፣ ላቀው ቁስላቸውን አጥበውላቸው ነበርና፤ እያዘኑ መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ እስከ ኬላው ተራምደው መመለስ ልማዳቸው ሆነ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ «ምን ሊያደርግልዎ ይሄዳሉ?» ሲሏቸው «እግሬ እንዳይተሳሰር ነው» ይሉ ነበር። ጸሎት ቤቶች በታሸጉበት በዚያ ዘመንም በቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ሸቤ ድረስ ሄጄ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «አንተ ሰው፣ በእርግጥ በተበላሸ ዕቃ ለክተሃል?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ልያ፣ ሻይሽ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። በቃ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰውን ከውስጥ ይበላል፤ እሳቸውንም በላቸው።

በ1981 ዓ.ም. የደም ግፊታቸው ኩላሊታቸውን ጎዳው። ለሕክምና አዲስ አበባ ለመሄድ ያመለከቱት ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል አልጋ ላይ ዋሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ የኬላው ጠባቂዎች ጥለው ሄዱ፤ መንገዱ ባዶውን ቀረ። አልዓዛር መኪና ለምኖ አመጣ። ወንድሜ «ጅማ ሳይሆን መጀመሪያ እናቴ ጋ» አሉ። ነገር ግን ከአልጋቸው ቀና ማለት አልቻሉም፤ ሐኪሙም በዚያ መንገድ አይደርሱም አለ። ሰኔ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ሸቤ ላይ አረፉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ጌታ ሆይ!

አቶ ላቀው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩአየሁን፣ ልጆቻቸውን አልዓዛርንና ብርሃንነሽን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ተስፋነሽን፣ እኔን እህታቸውንና ወንድሞቻቸውን ትተውልናል። ከሸቤ እስከዚህ መካነ መቃብር ሬሳቸውን ይዘው የመጡት የአወቱ መንደራ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አላህ ይስጥልን። ወይዘሮ ዙቤይዳ ከአራት ዓመት በፊት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው አርፈዋል።

እናታችን ወይዘሮ ተስፋነሽ ጅማን ሲረግጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ትናንት ማታ የላቀውን ፊት በእጃቸው ዳሰው፣ ጢሙን ዳሰው፣ «ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የከለከሉኝ?» ብለው ጠየቁ።

እማዬ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እመልስልሻለሁ። ላቀው ምንም አላጠፋም። የሰው ልጅ እንዳይታሰር ብሎ ልጅሽ ታሰረ። ጌታ ነፍሱን በእቅፉ ያሳርፍ፤ አንቺንም ያጽናሽ። አሜን።