የማሬን ሞት በአንዲት ቃል ለዘጉልን ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የአየር ትራንስፖርት የሥራ ደህንነት ቁጥጥር ቢሮ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከደብረ ማርቆስ አቀርባለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የጆሮዎ ጤና የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም በሰው መካከል ተቀምጦ ብቻውን መሆን ምን እንደሚመስል ስለማውቀው፣ ለእርስዎ ቀርቶ ለማንም እንዲደርስ አልፈልግም።

እስከዳር ባምላኩ እባላለሁ፤ የሉማሜ ልጅ ነኝ። በደመና አየር መንገድ ሻንጣ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ስሠራ የመስማት ችሎታዬን አጥቻለሁ። እርስዎ በስም አያውቁኝም፤ ነገር ግን ቢሮዎ ስለ ጓደኛዬ ስለ ማሬ ሞት ባወጣው ሪፖርት ውስጥ «አንዲት ሠራተኛ» ተብላ የተጠቀሰችው እኔ ነኝና፣ ስላስታወሱኝ ላመሰግንዎ ይገባል።

አየር መንገዱን በኋላ በጆሮ መከላከያ ጉድለት መቅጣታችሁንም ያወቅሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ነው። ድምፁ ባይደርሰኝም ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። «ይህ እኮ የማሬ ጉዳይ ነው» ብዬ የምነግረው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ብመለከት ሁሉም እርስ በርሱ እየተጫወተ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። አሁን ግን እርስዎ አሉልኝ፤ ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ተቆጣጣሪዎችዎ የሚመጡበትን ቀን አስቀድመው በማሳወቅ ላሳዩት ጨዋነት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልትመጡ ስትሉ የፈረቃ ኃላፊያችን አቶ ተስፋዓለም የተቆለፈውን ቁም ሣጥን ይከፍቱና አዳዲስ የጆሮ መከላከያ ያድሉን ነበር። «እንዳታቆሽሹት፣ ማታ ይመለሳል» ይሉናል። እንግዶቹ አይተውን፣ ደስ ብሏቸው መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ መከላከያው ተሰብስቦ ይቆለፋል። በሌላው ቀን ጆሯችንን የምንደፍነው ማሬ ከገዛ ትራሷ እየነቀለች በምታካፍለኝ ጥጥ ነበር።

ማሬ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ቤት በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የማያቋርጥ ፉጨት ሲጀምረኝ መጀመሪያ የነገርኳት ለእርሷ ነው፤ ጎትታ አቶ ተስፋዓለም ዘንድ ወሰደችኝ። «የአውሮፕላን ሥራ እኮ ነው፤ ጸጥታ ከፈለገች ገዳም ትግባ» አሏት። ወደ ውስጥ ሥራ እንዲያዛውሩኝ ብትለምናቸው ተራ እንድጠብቅ ተነገራት። እኔ ተራ ስጠብቅ ፉጨቱ ሌላውን ድምፅ ሁሉ እየዋጠው ሄደ። ከዚያ በኋላ የሚሰማልኝ የማሬ ጆሮ ነበር። መኪና ሲመጣ ትከሻዬን ትነካኛለች፤ ሰው ሲጠራኝ በዓይኗ ታሳየኛለች፤ ሠራተኛው ሲስቅ ደግሞ ለብቻዬ እንዳልቀር የተሳቀበትን ነገር ቤት ስንገባ እጇን እያወናጨፈች ደግማ ትተውንልኛለች።

ሁለተኛ፦ አደጋው የደረሰ ዕለት ዝናብ ነበር። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ስለገባ ሁሉም ይጣደፍ ነበር፤ አጠገባችን የቆመው ሌላ አውሮፕላንም ሞተሩን አስነስቷል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ከጋሪው ላይ ሻንጣ ለማንሳት ጎንበስ ብያለሁ። በዚህ መካከል ሻንጣ የሚጎትተው ትራክተር ወደ ኋላ መጣ። ማሬ ከአውሮፕላኑ ሆድ፣ ከዕቃ መጫኛው በር ላይ ሆና አየችው፤ ጠራችኝ፤ አልሰማሁም። ዘልላ ወርዳ ገፈተረችኝ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በግንባሬ ስደፋ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ልቆጣት ዞር ስል ማሬ በትራክተሩና በጋሪው መካከል ነበረች። የሾፌሩ አፍ ተከፍቶ አየሁ፤ ሰዎች ሲሮጡ አየሁ፤ ዝናቡ ሲወርድ አየሁ። ያን ሁሉ ያለ ምንም ድምፅ ነው ያየሁት፤ እስካሁንም ያለ ድምፅ ይመጣብኛል።

ሦስተኛ፦ ሪፖርታችሁ «አደጋው የደረሰው አንዲት ሠራተኛ የተሰጣትን ማስጠንቀቂያ ባለመስማቷ ነው» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ቃል የመረጠውን ባለሙያ ሳላደንቅ አላልፍም። በአማርኛችን ያልሰማ ማለት ጆሮው የተደፈነም፣ አልታዘዝም ያለም ነው። አየር መንገዱ የወደደው ሁለተኛውን ትርጉም ስለነበር፣ ማስጠንቀቂያ የማትሰማ ብሎ በሥነ ምግባር ጉድለት አሰናበተኝ። በዚያች ቃል የተነሳ ማሬን የገደለው የእኔ እምቢተኝነት ሆነ፤ ቁም ሣጥኑ ግን አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

አራተኛውን ቅሬታ ብዬ ልጽፈው አልችልም፤ የምነግረው ሰው ስለሌለ ብቻ ይስሙልኝ። ከተሰናበትኩ በኋላ ደብረ ኤልያስ የማሬ እናት እመት ወለተ ማርያም ዘንድ ሄጄ ነበር። የሚሉት ስላልገባኝ ጎረቤታቸውን ዲያቆን አምደሚካኤልን አስጠሩ፤ እርሱም ጥያቄያቸውን በወረቀት ጻፈልኝ፦ «ስትጠራሽ ምን አለች?»

አብረውን የሠሩት «እስኩ» ብላ እንደጮኸች ነግረውኛል። ሌላም ነገር ተናግራ ነበር ይላሉ፤ ሞተሩ ስላየለ እነርሱም አልለዩትም። እኔ ግን የተጠየቅሁት ሰው የነገረኝን ሳይሆን የሰማሁትን ነበርና «አልሰማሁም» ብዬ ጻፍኩ። ዲያቆኑ አነበበላቸው። እናቲቱም ተነስተው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ትንፋሻቸው ሞቀኝ፤ ቃሉ አልደረሰኝም። እንዲጽፍልኝ ወደ ዲያቆኑ ብመለከት እስክሪብቶውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። መርቀውኝ ይሁን ረግመውኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ተመልሼ ለመጠየቅም ድፍረቱን አላገኘሁም።

አሁን እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ልብስ ሰፊ በር ላይ ተቀምጬ ጥልፍ እሠራለሁ። ሉማሜ ያልተመለስኩት የሚያውቁኝ ሰዎች አንድ ሁለቴ ጮኸው አነጋግረውኝ ሲደክማቸው ፈገግ ብለው ስለሚሄዱ ነው። የማያውቀኝ ሰው ቢያልፈኝ ይቀለኛል።

ከእርስዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ያ የትራክተሩ ሾፌር እንደጻፈልኝ፣ ከቅጣቱ ወዲህ የጆሮ መከላከያዎቹ በሥራ አመራሩ ሕንፃ መግቢያ፣ በሚያምር የመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል፤ ከጎናቸውም ቢሮዎ «ጉድለቱን አስተካክሏል» ብሎ የሰጠው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ሠራተኛው አሁንም ጥጥ ነው የሚደፍነው። እባክዎ አንድ ቀን ሳይነግሯቸው ይሂዱ። ያችን ቃልም ከሪፖርቱ ያውጡልኝና በምትኩ የሆነውን ያጽፉልኝ፦ ማሬ ጠርታት ነበር፤ ጓደኛዋ ግን ጆሮዋን በሥራ ላይ አጥታ ነበር።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ ተቆጣጣሪዎችዎም በሄዱበት ሁሉ እንደ ልማዳቸው በክብር እንዲስተናገዱ የምትመኝ፣

ታዛዥዎ
እስከዳር ባምላኩ
ደብረ ማርቆስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀደም ሲል በጽሑፍ ላቀረብኩት አቤቱታ የላካችሁት መልስ ደርሶኛል። «አመልካቿ ቃሏን እንድትሰጥ በተደጋጋሚ ስልክ ቢደወልላትም ባለማንሳቷ ፋይሉ ተዘግቷል» ይላል። የደወሉልኝን ባልደረባዎን ከልብ ያመስግኑልኝ፤ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ደጋግሞ የፈለገኝ ሰው እርሳቸው ብቻ ናቸው።