ለስለት የገባው ጠርሙስ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለው ወዳጄ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የባሕሩ ብርድ ደረትህን አላመመህም? እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ደኅና መሆኔ ራሱ ያናድደኛል። ስልክህ ለእኔ ከተዘጋ ሰነባብቷልና ይህን ወደዚያ በሚመለሰው በአበረ እጅ ልኬዋለሁ። የወይኑን ጠርሙስ ያመጣው እሱ ነው፤ መልሱንም እሱ ያድርስ።

ያን ቀይ ወይን ለእናትህ ስትልክ፣ በእጄ የለቀምኩት ነው፣ ለሠርጋችን ቀን ይቀመጥ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይከፍተው ብለህ ነበር። ለእኔ ደግሞ በስልክ፣ ወይኑ የሚበቅለው ጉም በማይለየው የባሕር ዳር ኮረብታ ላይ ስለሆነ ብርዱ ቶሎ እንዳይበስል ይይዘዋል፣ መልካም የሚያደርገውም መዘግየቱ ነው አልኸኝ። እኔም ሞኟ፣ ስለ ወይን ብቻ የምታወራ አልመሰለኝም።

ድምፅህ ሲጠፋ እናትህ እኔ እያየሁ ተሳሉ። ሚካኤል፣ የልጄን ድምፅ አሰማኝና ይህን ወይን ለቍርባን አስገባልሃለሁ አሉ። የእኔም ጭምር ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከስለት ጋር ማን ይሟገታል? አሜን አልሁ።

ለኅዳር ሚካኤል ጠርሙሱን ቅጥር ግቢው ውስጥ አየሁት። ቄሰ ገበዙ የቍርባን ወይን ከዘቢብ እንደሚጨመቅ ለእናትህ ቢያስረዷቸውም፣ ስለታቸውን መመለስ ግን ከብዷቸው ከጃንጥላውና ከበጉ ጋር ለጨረታ አቀረቡት። ከፍ አድርገው ይዘው፣ የልጇን ድምፅ የሰማች እናት ያስገባችው ነው ሲሉ ሰማሁ። በሕይወት አለ! እልልታውን ከሁሉ በላይ ያቀለጥሁት እኔ ነበርሁ። ወዲያው ግን እናቱ ጋ ደውሎ እኔን ለምን ዘለለኝ የሚል ነገር ልቤን ቆነጠጠኝ። ዞር ብዬ እናትህን ባያቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ያን ጊዜ አለበል ዋጋ ጠራ። ሽማግሌ ልኮብኝ፣ አባቴ ቁርጡን እሑድ እነግራችኋለሁ ያሏቸው የእሱን ሰዎች ነው። የወይኑን ነገር አያውቅም፤ በረከት ፈልጎ ነው። እኔ ጨመርሁ። እሱም ጨመረ። ደግሜ ጨመርሁ። አባቴ ዐይናቸውን አፈጠጡብኝ፤ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። አለበል ፊቴን አየና እጁን አወረደ። በኋላም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አንተ ብትሆን እንቅልፍ ትነሣኝ ነበር።

ጠርሙሱን ታቅፌ በቀጥታ እናትህ ቤት ሄድሁ። ደውሎ ምን አለዎት ብዬ ብጨቀጭቃቸው፣ ልጄ፣ እኔ አንድ ድምፅ ለምኜ ሁለት ሰማሁ፣ አንደኛው ገና አፉን ያልፈታ ነው አሉኝ። ገብቶኝ አልቅሼ ወጣሁ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ወደ እኔ ሲመለከቱ ተነሥቼ፣ እሺታዬ ይሁን ብዬ ጠርሙሱን አመጣሁ። መክፈቻው እዚህ የት ይገኝና ቡሹን በቢላ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቀለሙ ስስ ነው፤ ከብርጭቆው ወዲያ ጣት ያሳያል። አንዱ ሽማግሌ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና፣ ይሄማ ሆምጥጧል፣ ልጄ አሉ። የለም አባቴ፣ ጠባዩ ነው፣ የባሕር ብርድ አዘግይቶት ነው አልኋቸው። ለአንተ ጠበቃ መቆሜ አሳቀኝ፤ አሳረረኝም። እኔም ቀመስሁት። መጀመሪያ ያልበሰለ እንጆሪ ይመስላል፣ ኋላ ግን ደስ ይላል። ስለ ወይኑ አልዋሸኸኝም።

ጠርሙሱን አጥቤ ለእናትህ መለስሁላቸው፤ ጠበል ይቀዱበታል።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ ያንን ሁለተኛውንም ድምፅ ያሳድግልህ። ለእናትህ ግን ቶሎ ቶሎ ደውልላቸው። የሚሳሉት ሌላ ጠርሙስ የላቸውም።

እህትህ