ሬና የመለሰችው ወንበር

ሰኞ

ወንበሬን ወሰደችብኝ። ሃቫና ስትሪት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቼ አንድ እግሩን ራሴ የቀየርኩለት ነው። ሻዬን ቆሜ እየጠጣሁ ነው። «ለመድረኩ ይሄ ነው የሚሆነኝ፤ ሲቀመጡበት ያቃስታል» አለች። «እኔም አቃስታለሁ፤ ለምን እኔን አትወስጂኝም?» ብላት፣ «አንክል፣ አንተ ለመድረክ አትሆንም፤ ዝም ማለት አታውቅም» አለችኝ።

ሬና ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። አራፓሆ ናት፤ ከነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች። መኪናዬን ፓርክ የማደርግበት መሬት የቅድመ አያቶቿ ነበር። ሃያ ዓመት ፊልም ስትሠራ ዘጠኝ ጊዜ ገድለዋታል፤ ስትሞት እንኳ አንድ ቃል አይሰጧትም። አሁን ትያትር ራሷ ጻፈች፣ ራሷ ትጫወታለች፣ ራሷ ትዘፍናለች። ቅዳሜ ይከፈታል። የመድረኩን ዕቃ የምሠራላት እኔ ነኝ። አናጢነት ማንም አላስተማረኝም፤ ጣቶቼ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ይመስክሩ።

ማክሰኞ

ልምምዱን አየሁ። መጨረሻው ላይ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ የአያቷን ዜማ ታዜማለች፤ ሟች የሚሸኝበት ዜማ ነው። ቃሉ አይገባኝም። ግን እናቴን ስቀብር እምቢ ያለኝ እንባ ዛሬ መጣ። በስልኬ ቀርጬ ለዕድራችን ግሩፕ ላክሁት፤ «ቅዳሜ ያልመጣ፣ እኔ ስሞትም እንዳይመጣ» ብዬ። ሳቁ። ብዙዎቹ ትኬት ያዙ። ኮራሁ።

ረቡዕ

ቤቲ ጠዋት ደወለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ የትያትሩን መብራት የምትሠራው እሷ ናት። «ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ! ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ነው!»

ከግሩፑ አንዱ ሼር አድርጎታል። እኔ ያላወቅሁት ዜማው የቤተሰብ መሆኑን ነው። ያለ ፈቃድ አይዜምም፤ ጭራሽ አይቀረጽም። ዋዮሚንግ ያሉት አክስቷ የዜማው ጠባቂ ናቸው። ከስንት ልመና በኋላ ለመድረክ ብቻ ፈቅደውላት ነበር። ቪዲዮውን አይተው «በቃ፣ እንዳታዜሚው» ብለዋታል።

እኛ ለቅሶ ሳይቀር ቀርጸን ለዘመድ እንልካለን። ነውር መሆኑ አልታየኝም።

ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ደጃፌ ላይ ቆሟል። 

ሐሙስ

የተሳካልኝ፦ የግሩፑን ሰዎች አንድ በአንድ ደውዬ ቪዲዮውን አስጠፋሁ። ፌስቡክ ላይ የለጠፈውም አወረደው። አንዲት ሴትዮ «እንዲህ የሚያምር ነገር ለምን ይጠፋል?» ብለው ተከራከሩኝ። «እርስዎ ለቅሶ ላይ ደረት ሲመቱ ቀርጬ ልልቀቀው?» አልኳቸው። አጠፉት።

ያልተሳካልኝ፦ ሬና። በሩን ከፈተችልኝ፤ አልጮኸችም። «ሃያ ዓመት ሌሎች ድምፄን ሲቆርጡት ኖርኩ። አሁን ደግሞ የራሴ ሰው» አለች። የራሴ ሰው ያለችው እኔን ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትያትሩ ያለ ዜማው አይቋጭም። እስከ ነገ ማታ ፈቃዱ ካልተመለሰ ትሰርዘዋለች።

የዕድራችንን ዳኛ ጋሽ መኮንንን አማከርኳቸው። «ሽማግሌ ነዋ የሚላከው» አሉ፤ ሌላ መላ ያለ አይመስላቸውም። ነገ በማለዳ ወደ አክስቷ ልንነዳ ነው። ለቤቲ ልማዱን ነገርኳት፤ ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማለት ተቀመጥ ቢሉትም አይቀመጥም።

«ጋሼ፣ ጉልበትህስ?» አለች።

ዓርብ

ነጭ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጋሽ መኮንን እስኪመጡ እንግሊዝኛዬን ተለማመድኩ። ከ«ሶሪ» የከበደ ቃል አጣሁ። ከግድግዳው ወዲያ ሬና ድምጿ የለም። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ድምጿን ታሟሙቅ ነበር፤ እኔም ግድግዳውን እየደበደብኩ «ዶሮዋን ልቀቂያት!» እላት ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን ናቸው ብዬ ስከፍት፣ ነጭ ጸጉራቸውን የጎነጎኑ አሮጊት ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። አፍንጫቸው የሬና ነው፤ አክስቷ ናቸው፣ እኛ ሳንነሳ እሳቸው ደረሱ።

«ወደ ልጄ ከመግባቴ በፊት አንተን ልይህ ብዬ ነው። የቀረጽከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።  ወንበሩን ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም። የቀየርኩትን እግሩን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ» አሉኝ።

ልመናዬን ገና አልጀመርኩም ነበር፤ ልማዱ ደግሞ ሳይሰሙህ አትቀመጥ ይላል። ወንበሩ በመካከላችን፣ ሁለታችንም ቆመን።