ጎብኚ አይደለሁም

የወንበር ጓደኛዬ፣

አንቺን ጠይቄ ስመለስ ከአውሮፕላን ወርጄ፣ ይኸው እስካሁን ከአውሮፕላን ማረፊያው አዳራሽ አልወጣሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበት አገር የመግቢያ ቅጹን ስልክ ላይ አድርጎታል። «የመጡበት ምክንያት» ይልና ጉብኝት፣ ንግድ፣ ትምህርት ብሎ ያስመርጣል። ወደ ቤቴ መመለስ የሚል የለም። አንዱን ካልነኩ ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም።

«እማማ፣ ጉብኝት የሚለውን ይንኩትና ይለፉ፤ ማንም አያየውም» አለችኝ የፓስፖርት ተቆጣጣሪዋ።

«እኔ አየዋለሁ» አልኳት። በገዛ እጄ ጎብኚ ነኝ ብዬ በወሩ ከአገር ውጪ ቢሉኝ ምን አፍ ይኖረኛል? የመኖሪያ ፈቃዴን ፊቷ አስቀምጬ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያንቺ ግቢ ዘበኛ ፊደል ባይቆጥርም የቤት ሰውን ከእንግዳ ለይቶ ያውቃል።

አለቃዋ መጥቶ «ሲስተሙ ሌላ አይቀበልም» አለኝ።

«እንግዲያው ሲስተሙ ይታረም፤ እኔ በልጅነቴ ታርሜ ጨርሻለሁ» ስለው፣ የድሮውን የወረቀት ቅጽ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገባ። እስኪመለስ ይህን ፖስት ካርድ እዚሁ ካለው ሱቅ ገዝቼ እጽፍልሻለሁ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የልጅ ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። የካርዱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ፣ ቦታ አለቀ። የወረቀቱ ቅጽ ከጠፋ እዚሁ አድራለሁ እንጂ ቤቴ በእንግድነት አልገባም።