የጨሞጋ ድልድይ ዋስ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንዳላማው። ከጓደኞችህ ጋር ዱር ከገባህ ወዲህ እንደምን ከርመሃል? እኔና እናትህ፣ ላሞቹም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ዘንድሮ ጉሙ ከጨሞጋ ሸለቆ ሳይነሣ ይውላል። ጣሊያኖች በወንዙ ላይ የሚያሠሩት ድልድይ በጉሙ ውስጥ ሲታይ፣ ተኝቶ ያለ ሰው በሕልሙ የገነባው ይመስላል። ግንበኞቹ ያገራችን ሰዎች ናቸውና እንዳይታለሉ ውላቸውን እኔ ጻፍሁላቸው። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ያረቀቀው ባለቤትና ግሥ የማይተዋወቁበት ነበር። የድንጋዩን ውፍረት፣ የኖራውን ልክ፣ ዝናብ ሥራ የሚያስፈታበትን ቀን ሁሉ ተከራክሬ አስገባሁ።

በመጨረሻም፣ «ዋስ የሌለው ውል፣ ውል አይባልም» አልሁ። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሳቀ።

«አባባ፣ እንግዲያው ዋሱ እርስዎ ይሁኑ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «በማንም እጅ ቢፈርስ በአንገትዎ ነው።»

«እስከ መቼ? ቀን የሌለው ዋስትና የት አገር አለ?» አልሁት።

ስንከራከር ዋልን። ክረምቱን ችሎ እስኪታይ፣ እስከ መስቀል ተባለ፤ ፈረምሁ።

ትናንት በሕልሜ በዚያ ድልድይ ላይ ቆመህ አየሁህ። በእጅህ የያዝኸውን ጉሙ ጋረደብኝ። እናትህ መልካም ሕልም ነው ብላ ፈታችው፤ ከዚያ ወዲህ ግን እህል አልቀመሰችም።

ልጅ ሳለህ ደመራው ሳይባረክ ችቦህን ለመለኮስ ትቸኩል ነበር፤ እጅህን የምይዝህ እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ አጠገብህ የለሁም። ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ድልድዩ የእኔ አይደለም።

አደይ ሲፈነዳ በጤና ያገናኘን።

አባትህ ባምላኩ ፈንታ፣ የቀድሞው የችሎት ጸሐፊ